የአማቴ ጋቢ ፍላጻ ፊት ሲቆም

የአማቴን ጋቢ በፍላጻ ያስወጋሁ ጊዜ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ ነው። አሥራ ስድስት ብሆን ኖሮ ልጅነቷ ነው ይባልልኝ ነበር። ሰማንያ ስድስት ብሆን እርጅናዋ ነው ይባልልኝ ነበር። አርባ ስድስት ላይ ግን የሚሳበብበት ነገር የለም፤ ጥፋቱ የራስ ነው።

ነገሩ የጀመረው በልጄ የቤት ሥራ ነው። ሳሮን ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እዚሁ ሴንት ፖል የተወለደች፣ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስ፣ ትምህርት ቤት ሳደርሳት «ማም፣ እዚህ ይበቃል» ብላ በሩ ሳይታይ የምትወርድ ልጅ ነበረች። ምኔ እንዳሳፈራት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መኪናዬ ትሁን፣ ነጠላዬ ይሁን፣ ወይስ መስኮት አውርጄ «ምሳሽን ጨርሺ» እያልኩ መጮኼ። ብቻ የወላጆች ስብሰባ መጥሪያ ወረቀት ከቦርሳዋ ሥር የማገኘው ስብሰባው ካለፈ ከሳምንት በኋላ ነበር።

ይህችው ልጅ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«ማም፣ መስፋት ትችያለሽ አይደል?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

መስፋት እችላለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እያበላሸሁ ነው። ስፌት የተማርኩት የሰው ቀሚስ አበላሽቼ ነው። መኪና መንዳት የተማርኩት የሰው አጥር አበላሽቼ ነው። እንግሊዝኛውን ገና አበላሽቼ አልጨረስኩም። በሥራ ቀን ዌስት ሴንት ፖል የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ በዕረፍቴ የሐበሻ ቀሚስ አስተካክላለሁ። አስተካክላለሁ የምለው አሰፋለሁ ለማለት ነው፤ እዚህ አገር መጥቶ ቀሚስ አጥብቢልኝ ያለኝ ሰው እስካሁን የለም።

የታሪክ መምህሯ ሚስተር ሃንሰን ይባላል። ቁመቱ በር የሚያህል፣ ድምፁ የሚያባብል፣ ጥቅምት ሲገባ በቀስት አጋዘን የሚያድን ሰው ነው። ለተማሪዎቹ የሰጣቸው ጥያቄ ይህ ነው፤ የድሮ የአውሮፓ ወታደሮች ይለብሱት የነበረው ጥሩር ከፍላጻ ያድናቸው ነበር ወይስ አያድናቸውም? መልሱ በወረቀት ብቻ አይደለም። ተማሪው ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ጥሩር ይሠራል። ቅዳሜ መናፈሻ ውስጥ ባለው የቀስት መለማመጃ ሜዳ አንድ ከጭድ የተሠራ ሰውዬ ጥሩሩን ይለብሳል። ደረቱ ላይ በልብ ፈንታ አንድ ጥሬ እንቁላል ይቀመጥለታል። ሚስተር ሃንሰን ከሃያ ሜትር ላይ ፍላጻ ይለቃል። እንቁላሉ ከተረፈ ሰውዬው ተረፈ።

«ለአባትሽ ንገሪው» አልኳት።

«አባዬ ቅዳሜ ሹፍት አለው። ደግሞ የምትሰፊው አንቺ ነሽ። አንቺ ነይ።» የመጨረሻዋን «አንቺ ነይ» በአማርኛ ነው ያለችው።

እንኳን ጥሩር መስፋት፣ በጭዱ ሰውዬ ፈንታ ቁሚ ብትለኝ እሺ እላት ነበር።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ሦስት ወፋፍራም መጽሐፍ ተዋስኩ። እኔ አንድ ነገር ከጀመርኩ ጨርሼ ካላወቅሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። ሦስት ቀን ሙሉ በምሳ ሰዓቴ ስለ ጦርነት ሳነብ የሥራ ባልደረቦቼ ከባለቤቴ ጋር የተጣላሁ መስሏቸው አንዷ ቀስ ብላ «እቤት ሰላም ነው?» አለችኝ። ምን አነበብኩ መሰላችሁ? ከቀለበት የተሠራው ጥሩር ለሰይፍ ጎበዝ ነው፤ ሰይፍ ቢመታው ቢመታው አይቆረጥም። ግን ወስፌ የመሰለ ቀጭን ፍላጻ ከመጣ በቀለበቱ መሃል ሾልኮ ይገባል። ጠፍጣፋው ብረት፣ ብረቱ ጥሩ ከሆነና ደረቱ ላይ ጎበጥ ካለ ፍላጻውን አንሸራቶ ይሸኘዋል። ነገር ግን ሰውዬው ብረት ለበስኩ ብሎ ሲኮራ ሌላው በመዶሻ ይመጣበታል። ብረቱ አይበሳም፤ ውስጥ ያለው ሰው ግን እንደ ከበሮ ይደለቃል። ለዚህ ሲሉ ከብረቱ ሥር ወፍራም የተደራረበ ጨርቅ ይለብሱ ነበር። ብረት መግዣ የሌለው ምስኪኑ ወታደር ደግሞ ጨርቁን ብቻ፣ ሃያም ሠላሳም እጥፍ አድርጎ እየሰፋ ይዋጋል። ያውም ብዙ ጊዜ ያድነው ነበር ይላል መጽሐፉ።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ጥር ላይ ሚኒሶታ አውቶቡስ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ስለ መደራረብ ፈረንጅ አያስተምረውም።

ለብሩክ ነገርኩት። ብሩክ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ መካኒክ ነው፣ በዓለም ላይ ላለ ችግር ሁሉ መልሱ ብረት ይመስለዋል።

«እህት ዓለም፣ ጨርቅ ለብሶ ጦርነት የሚሄድ አለ እንዴ? በጨርቅ የሚኬደው ኦፕሬሽን ክፍል ነው» አለኝና ከአንድ አሮጌ መኪና ኮፈን ላይ ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ፣ አጉብጦ የደረት ጥሩር ሠራ። ዓርብ ከሥራ በኋላ ተሸክሞት መጣ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ሳሮን ለብሳው ሶፋ ላይ ቁጭ አለች፤ ለመነሣት ግን ሁለታችን አነሣናት።

ሙከራው ሳሎን ውስጥ ተጀመረ። ቀስት ስለሌለን ብሩክ የጋራዥ መዶሻውን አመጣ። እንቁላሉን በትንሽ ከረጢት አድርገን ከብረቱ ሥር ደበቅነው። አንድ ጊዜ መታው። ብረቱ ምንም አልሆነም።

«አያችሁ?» አለ ብሩክ።

ብረቱን ስናነሣው እንቁላሉ ሾርባ ሆኗል።

«ሰውዬው በደህና ጥሩር ውስጥ ሞተ» አለች ሳሮን።

ከብረቱ ሥር ፎጣ አደረግን፤ ሞተ። ሁለት ፎጣ፤ ሞተ። ትራስ አደረግን፤ እንቁላሉ ተረፈ፣ ግን ትራሱ ወፍሮ ብረቱ ደረት ላይ አልገጥም አለ። የክረምት ጃኬቴን አደረግን፤ እንቁላሉም ሞተ የጃኬቴም ዚፕ ሞተ። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ አሥራ አንድ እንቁላል ሞቶ ነበር። መዶሻውን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ምንጣፉን አየ።

«ራት ምንድን ነው?» አለ።

«እንቁላል» አልነው።

ያን ጊዜ ነው የእማማ የሺ ሻንጣ ትዝ ያለኝ።

እማማ የሺ የባለቤቴ እናት ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጡት ለብሩክ ጉዳይ ነው። ብሩክ ሊያገባ ነው፤ ሽምግልናው አልቋል፤ ጥሎሹ እሑድ፣ ማለትም ከቅዳሜው ፈተና በማግስቱ ነው። እሑድ ዕለት እማማ በሰው ሁሉ ፊት ለልጅቷ አባት ለአቶ ግርማ ጋቢ ሊያለብሱ ነው። ጋቢውን ሸማኔው ደጅ ተመላልሰው፣ ክሩን ራሳቸው መርጠው፣ ጥበቡን ሁለት ጊዜ አስፈትተው ያሠሩት ነው። በሻንጣ ይዘውት ሲመጡ መንገዱን ሁሉ ከጭናቸው አልወረደም። እኔ ያየሁት አንድ ጊዜ ከሩቅ ነው፤ ልነካው እጄን ስዘረጋ «ሽንኩርት ከትፈሽ ነበር?» አሉኝ።

አቶ ግርማም እንዲሁ የሚታለፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን ለብሩክ እሺ ከማለታቸው በፊት ስድስት ወር አስጠንተውታል። ቤተ ክርስቲያን ጠይቀዋል። የድሮ አከራዩ ጋ ደውለዋል። እንደ ደንበኛ ጋራዡ ድረስ ሄደው የመኪና ዘይት አስቀይረዋል፤ ስማቸውንም አልነገሩትም። እንዲህ ያለ ሰው ጋቢ ሲለብስ ጫፉን እንደሚመረምር የታወቀ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሻንጣውን ከፈትኩ። እማማ ከጎረቤታችን ጋር ለጉባኤ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ግን አስቡልኝ። ጋቢ ራሱ አራት ድርብ ነው። አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ስምንት፣ ደግሞ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት። ያ ምስኪን ወታደር በመርፌ ሲለፋበት የኖረውን ነገር የእኛ ሸማኔ አገጣጥሞ ሠርቶት፣ አጣጥፎ ሰጥቶን፣ እኛ ተከናንበነው ዜና እናይበታለን። ከብረቱ ሥር አደረግነው። ብሩክ መታ። ብረቱን አነሣን፣ ጋቢውን ገለጥን፤ እንቁላሉ ከዶሮዋ እንደ ወጣ ነው።

ሳሮን አቀፈችኝ። ይህን ደግሜ ልጻፈው፤ ሳሮን አቀፈችኝ።

«እማማ ቢያውቁስ?» አለ ብሩክ።

«ከየት ያውቃሉ? ጋቢው ከብረት ሥር ነው የሚሆነው። ፍላጻ አይነካውም። ሽንኩርትም አይነካውም። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሶ ሻንጣው ውስጥ ይገባል።»

ስናገረው በጣም ትክክል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው በወላጅ ተሞላ። አንዱ ልጅ የሠራው ጥሩር ከአልሙኒየም ፎይል ነበር፤ ፍላጻው ሰውዬውንም የጀርባውንም ሰሌዳ አንድ ላይ ሰፋቸው። አንዲት ልጅ ከለስላሳ ጣሳ መክፈቻ ቀለበቶች ዓመት የሚፈጅ የሚመስል ጥሩር ሠርታለች፤ ሚስተር ሃንሰን በእንጨት ሰይፍ ሲመታው ምንም አልሆነ፣ ፍላጻ ሲለቅበት ግን ቀለበቶቹ ገለል ብለው አሳለፉት። እንቁላል በየተራ አለቀ። የኛ ተራ ደረሰ። ፍላጻው መጣ፣ የብሩክን ኮፈን ነካ፣ ተንሸራቶ ሣር ውስጥ ገባ። ሚስተር ሃንሰን እንቁላሉን አውጥቶ ወደ ላይ አነሣው። ሰው አጨበጨበ። እኔ በልቤ ጋቢውን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ እየከተትኩ ነበር።

«ለመሆኑ እንቁላሉን ያዳነው የትኛው ነው?» አለ ሚስተር ሃንሰን። «ብረቱ ነው ጨርቁ?»

«ጨርቁ» አለች ልጄ። «ብረቱን ብቻ አድርገን እቤት ሞክረነዋል፤ ይሰበራል። ጨርቁን ያገኘችው እናቴ ናት። ያቻት፣ እናቴ እሷ ናት።»

በጣቷ አሳየችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነጠላ ለብሻለሁ፣ መኪናዬም ከኋላዬ ቆማለች፤ ልጄ ግን ጣቷን አላወረደችም።

«እስቲ እንግዲያው ብረቱን አውልቀን ጨርቁን ብቻ እንየው፤ እናት ይፈቅዳሉ?» አለ ሰውዬው በዚያ በሚያባብል ድምፁ።

ውስጤ «እሑድ፣ እሑድ» ይላል። አፌ «ኦኬ» አለ። ሃምሳ ሰው እያየኝ፣ ልጄ እያየችኝ፣ «ይቅርታ፣ ይህ ጋቢ የሰው ነው፤ ሰርቄው ነው» የምልበት እንግሊዝኛ ከየት ይምጣ? በአማርኛም አይወጣኝም።

ብረቱ ወለቀ። የጭዱ ሰውዬ የአቶ ግርማን ጋቢ ለብሶ፣ ጥበቡ በፀሐይ እያብረቀረቀ፣ ልክ ለቅዳሴ እንደ ተዘጋጀ ሰው ቆመ። ሚስተር ሃንሰን ቀስቱን መሳብ ጀመረ። በዚህ መሃል የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ዞር አልኩ። ብሩክ ነው። ከጎኑ እማማ የሺ አሉ።

«የልጅ ልጄን ፈተና ሳላይ አልቀርም ብለው ነው» አለኝ ብሩክ፤ ፊቱ የጭድ ቀለም ሆኗል። «ምን ልበላቸው?»

እማማ ዓይናቸው ሩቅ ያያል። «ያ ሰውዬ የለበሰው ምንድን ነው?» አሉ።

ፍላጻው ተለቀቀ።

ድምፁ ፈጽሞ እንደጠበቅሁት አልነበረም። ጡብ የሚሰብር ሳይሆን ሊጥ የሚመታ ድምፅ ነበር። ፍላጻው ጋቢው ላይ ተተክሎ ቀረ። ልጆቹ ሮጡ። እማማ ግን አልሮጡም፤ ዣንጥላቸውን እየተደገፉ፣ ቀስ እያሉ ሄዱ። እኔ ከኋላ። ደረሱ። ፍላጻውን በሁለት ጣት ይዘው ነቀሉት። ከዚያ ጋቢውን ገጽ በገጽ እየገለጡ መቁጠር ጀመሩ።

«አንድ። ሁለት። ሦስት።» ልጆቹ ከበቧቸው። «ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ።» አሥራ ሁለተኛው ንጹሕ ነው። እንቁላሉን አወጡት፣ ወደ ፀሐይ አነሡት፣ ምንም አልሆነም።

«እማማ» አልኩ።

«ዝም በይ አንቺ። ሰውዬው ምን እያለ ነው?»

ሚስተር ሃንሰን በአድናቆት ብዙ ያወራ ነበር። ሳሮን ተረጎመች። የምትተረጉምበት አማርኛ ባዶ እግሩን ጠጠር ላይ የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር፣ ግን ደረሰ። «በጣም ጥሩ ጨርቅ ነው ይላል። ግን ሌላ ፍላጻ አለ ይላል፣ ቀጭን። ያ ቢሆን ያልፋል ይላል።»

እማማ መምህሩን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ጊዜ ወሰደባቸው።

«አያልፍም በይው።»

«ያልፋል ይላል፣ እማማ።»

«የእኔን ሸማኔ አያውቀውም። ይሞክር በይው።»

«እማማ፣ ጋቢው እኮ ለነገ ነው» አልኩ በመጨረሻ።

«ለነገ መሆኑን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አሉኝ። «አንዴ ተወግቷል። አሁን የቀረው ማወቅ ነው።»

ሚስተር ሃንሰን ከፍላጻ ኮሮጆው ቀጭኑን መረጠ፤ ጫፉ እውነትም ወስፌ ነው። ለቀቀ። ፍላጻው አሥራ ስድስቱን እጥፍ አልፎ እንቁላሉን አገኘው። አስኳሉ በጋቢው ጥለት ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

እማማ የሺ ቀጭኑን ፍላጻ ነቅለው ጫፉን በጣታቸው ሞከሩት።

«ቀጭን ሰው ክፉ ነው» አሉና ወደ መኪናው ተመለሱ።

እቤት ስንደርስ ጋቢውን ዘረጋነው። የታጠፈ ነገር ሲወጋ ምን እንደሚሆን አስባችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ቀዳዳ ሲዘረጋ አራት ይሆናል። የመጀመሪያው ፍላጻ ሦስት ቦታ፣ ሁለተኛው አራት ቦታ፤ ጋቢው በሰባት ቦታ ተበስቶ፣ ቀዳዳዎቹ ደግሞ ሆን ተብሎ የተጠለፈ ይመስል በወግ በወግ ተደርድረው ነበር። አስኳሉን በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩ። መርፌዬን፣ ነጭ ክሬን፣ መነጽሬን አቀራርቤ ልጠግን ስቀመጥ እማማ እጄን ያዙኝ።

«አትንኪው።»

«እማማ፣ በእኔ ጥፋት ብሩክ ሊያፍር ነው። አቶ ግርማ ደግሞ...»

«የመጀመሪያው ያንቺ ነው። ሁለተኛው የኔ ነው። አትንኪው አልኩሽ።»

ብሩክ ያን ቀን ምሳም ራትም አልበላም። «ስድስት ወር ፈትነውኝ ያለፍኩት ሰውዬ በጋቢ ሊጥሉኝ ነው» እያለ ሳሎኑን ይመላለስ ነበር። ሳሮን ብቻ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ለመምህሯ የሚሰጠውን መልስ ትጽፋለች። ሰርቄ አነበብኩት። «ጥሩር ያድናል። ምን እንደመጣበት፣ ከምን ያህል ርቀት እንደመጣበትና ሥሩ ምን እንደለበሰ ይወስነዋል» ይላል። እኔ አርባ ስድስት ዓመት ኖሬ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

እሑድ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ፣ አቶ ግርማ የሚኖሩበት ሕንፃ አዳራሽ ውስጥ ነን። ንግግሩ ሆነ፣ ምርቃቱ ሆነ። እማማ ተነሡና ጋቢውን ዘርግተው አለበሷቸው። እልል ተባለ። አቶ ግርማ ምስጋናቸውን ተናግረው ተቀመጡ፤ እጃቸው ግን አልተቀመጠም። ጫፉን ዳበሱ። ጥለቱን ዳበሱ። ከዚያ ጠቋሚ ጣታቸው በወዲህ ገብታ በወዲያ ስትወጣ ሁላችንም አየናት። ጣቷም የደነገጠች መሰለች።

ሙሽራይቱ ብሩክን አየች። ብሩክ እኔን አየኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

«አቶ ግርማ» አሉ እማማ የሺ፣ እንደ ቆሙ። «ልጄን ስድስት ወር አስመረመሩት። ቤተ ክርስቲያን ጠየቁ፣ አከራይ ጠየቁ፣ ዘይት እስከ ማስቀየር ደረሱ። አልተቀየምኩም፤ ደግ አደረጉ። እኔም ያላስመረመርኩትን ነገር የሰው ትከሻ ላይ አልጥልም። ይህን ጋቢ በፍላጻ አስመርምሬ ነው ያመጣሁልዎት። አንዱን መልሶታል። አንዱን አልመለሰውም። የቀረውን የልጅ ልጄን ይጠይቋት።»

አቶ ግርማ ጣታቸውን ከቀዳዳው ሳያወጡ ወደ ሳሮን ዞሩ።

«ከስንት ሜትር ነው?»

«ከሃያ» አለች ልጄ፣ በአማርኛ።

«ቀስቱ ጠንካራ ነበር?»

«የአጋዘን ነው።»

«ብረት ቢደረብበትስ?»

ከዚያ በኋላ ጥሎሹ ተረሳ። አቶ ግርማ ዳቦውን ገፍተው ጠረጴዛው ላይ ቦታ አስለቀቁ፤ ጋቢውን አውልቀው ከሳሮን ጋር መልሰው አጠፉት፤ ቀዳዳዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሲገጥሙ ስክሪብቶ አሳልፈውበት «ይኸው፣ አሥራ አንድ ላይ ቆመ» እያሉ ለሚዜው ያሳያሉ። ሳሮን ያን የጠጠር ላይ አማርኛዋን እየተራመደች ስለ ቀለበት ጥሩር፣ ስለ መዶሻ፣ ስለ ምስኪኑ ወታደር አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳች። የጎደላትን ቃል ወደ እኔ ዞራ ትጠይቀኛለች። አንድ ጊዜ ከወጥ ቤት እንቁላል ሲጠየቅ ሰምቼ ብሩክን መዶሻውን መኪናው ውስጥ እንዲቆልፍ ላክሁት። አቶ ግርማ በመጨረሻ ጋቢውን ደርበው ቆሙና «ማንም እንዳይጠግነው» አሉ። ብሩክ ያን ጊዜ ነው መብላት የጀመረው፤ እስከ ማታ አላቆመም።

እማማ የሺ ኅዳር ላይ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ሸማኔያቸው ጋ ሄደው ባለ ስድስት ድርብ ጋቢ ሥራልኝ አሉት። ሰውዬው እንዲህ ያለ ጋቢ የለም፣ አዝዞኝ የሚያውቅ ሰውም የለም አላቸው። አማቴ በርጩማ ስበው ደጁ ላይ ተቀመጡና ክር መምረጥ ጀመሩ።